ከጦሩ የከዳ መቶ አለቃ ጀግና ሊባል ይችላል?

የጦሳ ሥር (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካዊው ደራሲ ሄሚንግዌይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ልብ ወለድ «ኤ ፌርዌል ቱ አርምስ» ውስጥ፣ በጣሊያን ጦር የአምቡላንስ መኮንን የሆነውን የፍሬድሪክ ሄንሪን ጀግንነት የሚተነትን የአምስት ገጽ ጽሑፍ ታዝዣለሁ። ሰውየው ለሜዳሊያ የታጨው አይብ እየበላ ሞርታር ወድቆበት ነው፤ ኋላ ደግሞ ከጦሩ ይከዳል። እኛ ጀግና የምንለው ጥሎ የፎከረውን ነው። የትኞቹን ምዕራፎች ልያዝ?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)
ወንድሜ፣ ከምዕራፍ 9 ጀምር፤ ፍንዳታው ላይ ግን አትቁም። ሄንሪ እግሩ ቆስሎ፣ በክርኑ እየተሳበ ወደ አምቡላንስ ነጂው ፓሲኒ ይጠጋል። የፓሲኒ አንድ እግር የለም፣ ሌላው በጅማት ተንጠልጥሏል። ደሙን ለማሰር የሸሚዙን ጫፍ ሊቀድ ይሞክራል፤ እምቢ ሲለው በጥርሱ ይይዘዋል። ከዚያ ፓሲኒ እግሩ ላይ የጠመጠመው ጨርቅ ትዝ ይለዋል። እሱን እየፈታ ሳለ ሰውየው መሞቱን ያያል። ተራኪው ስለ ሐዘኑ አንድ ቃል አይተነፍስም፤ የሚነግረን እጁ የሠራውን ብቻ ነው። ጥቂት ቆይቶም ቅድሚያ ሊያሳክሙት ሲሉ ከእኔ የባሱ አሉ ይላል።

ወዲያው ምዕራፍ 10ን ጎን ለጎን አንብብ። ጓደኛው ሐኪሙ ሪናልዲ ሜዳሊያ ሊያሰጠው ፈልጎ ምን ጀብዱ ሠራህ፣ ሰው ተሸክመሃል ወይ እያለ ይጎተጉተዋል። ሄንሪ የፓሲኒን ነገር አያነሳም፤ አይብ ስንበላ ነው የተመታሁት ብሎ ይዘጋዋል። ፎካሪ ገድሉን በራሱ አንደበት ይናገራል፣ ይህ ግን የሠራውን እንኳ ለሹመት አያቀርብም። የጽሑፍህ እምብርት እዚህ ነው።

አዝዋ ገደል
በዚህ እስማማለሁ፤ ግን ምዕራፍ 29ን የዘለለ ጽሑፍ ይፈርሳል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተውም እዚያ ነው፤ ገጸ ባሕርዩን ሊያሳምር ብሎ ይደብቀዋል። የጣሊያን ጦር ከካፖሬቶ ሲሸሽ የሄንሪ መኪና ጭቃ ውስጥ ሲቀረቀር ሁለት ሳጅኖች አናግዝም ብለው ይሄዳሉ። ሄንሪ ተኩሶ አንዱን ይጥላል፣ ከነጂዎቹ አንዱ ቦኔሎ ይጨርሰዋል። ምዕራፍ 30 ላይ ደግሞ ታሊያሜንቶ ወንዝ አጠገብ የጦር ፖሊሶች ከወታደሮቻቸው የተነጠሉ መኮንኖችን እየያዙ ይረሽናሉ። ሄንሪ ሳጅኑን የቀጣበት ሕግ በራሱ ላይ ዞረ ማለት ነው። ወንዙ ውስጥ ዘሎ የሚያመልጠውም ያኔ ነው። ክህደቱን ከዚህ ነጥለህ ከመዘንከው ፈሪ ታደርገዋለህ።

ደራሲውንና ገጸ ባሕርዩን አትቀላቅል። የካፖሬቶ ሽሽት የሆነው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1917 ነው፤ ሄሚንግዌይ ጣሊያን የደረሰው በ1918 ነው።

ሸዋ በር
ምዕራፍ 27 አይቅር። ሄንሪ ክብርና መሥዋዕትነት የሚሉ ቃላት ያሳፍሩታል፤ የሚያምነው የመንደሮችንና የወንዞችን ስም፣ የጦር ክፍሎችን ቁጥርና ቀንን ነው። ደሴ ላለ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ብሎ ቀኑን መጥራት ደሴ ላይ ስለወደቀው የጣሊያን ቦምብ ከየትኛውም ንግግር በላይ ይናገራል።

በእኔ እይታ ግን ከሄንሪ ይልቅ ደፋሯ ፍቅረኛው ካትሪን ናት። ምዕራፍ 41 ላይ እንደምትሞት አውቃ አልፈራም ትላለች፤ እሱ በዚያች ሰዓት ይለምናል፣ ይጸልያል። ለዚህ አንድ ገጽ ስጠው።

ቦርከና ማዶ
ትክክል። እንግዲህ ሁለት ገጽ ለምዕራፍ 9 እና 10፣ አንድ ተኩል ለ29 እና 30፣ ግማሽ ለ27፣ የቀረው አንድ ለካትሪን። የታሪኩን ማጠቃለያ አትጻፍ፣ መምህሩ አንብበውታል።