ያረጀ መርሴዲስ በጎንደር መያዝ ያዋጣል?

ጠያቂ (ማራኪ)፦ እ.ኤ.አ. በ1994 የተሠራ ባለ ስድስት ሲሊንደር መርሴዲስ ኢ 320 ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ምቾቱ ማርኮኛል፤ ሆኖም ዋጋው ከቪትዝ ማነሱ ስላሳሰበኝ፣ ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ ደስ ይለኛል።

መላሽ (አዘዞ)፦ ወንድሜ፣ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ኮፈኑን አስከፍተው የሞተሩን ሽቦዎች በጣትዎ ቀስ ብለው ያጥፏቸው። በዚያ ዘመን የተሠሩት ሽቦዎች ልባሳቸው በሙቀት ደርቆ ስለሚፈረፈር እርስ በርስ ይነካካሉ፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥም ችግሩን ያልተረዳ መካኒክ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ሰጪ) እየቀያየረ ገንዘብዎን ይጨርሳል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጓርኒሲዮን፣ ማለትም ማሸጊያው፣ ዘይት ማንጠባጠብም የዚህ ሞተር የታወቀ ጠባይ ነው።

መላሽ (ፒያሳ)፦ የተባለው ሁሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን ተመሳሳዩን ይዤ ባሕር ዳር ደርሼ ስመለስ ወገቤን የማያመኝ በዚህ መኪና ብቻ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ አየሩ በመሳሳቱ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ቢሆንም ዳገት አያሳፍርም። የሚያማርረው መለዋወጫው ነው፤ ከአዲስ አበባ እስኪላክ መኪናው በር ላይ ቆሞ ይከርማል (ጎረቤትም «ሸጥከው?» ማለቱ አይቀርም)።

መላሽ (አዘዞ)፦ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ስለታገደ፣ እንዲህ ያለ መኪና ወደፊት እንደ ልብ አይገኝም፤ ሽቦው ጤነኛ ከሆነ ይግዙት።