የካሊብሬሽን መስመሬን በዜሮ ላሳልፈው?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። በውኃ ናሙና ውስጥ ያለውን ብረት በአቶሚክ አብዞርብሽን (በብርሃን መምጠጥ ላይ በተመሠረተ የመለኪያ ዘዴ) እየለካሁ ነው። በሊትር 2፣ 4፣ 6፣ 8 እና 10 ሚሊግራም የያዙት ስታንዳርዶች (የብረት መጠናቸው የታወቀ መፍትሔዎች) በቅደም ተከተል 0.11፣ 0.20፣ 0.31፣ 0.39 እና 0.50 አብዞርባንስ (የተመጠጠው ብርሃን ልኬት) ሰጡኝ። አብዞርባንስን ከብረት መጠን ጋር የሚያገናኘውን የካሊብሬሽን መስመር በኤክሴል ስሎፕ (የመስመሩ ተዳፋት) እና ኢንተርሴፕት (የብረቱ መጠን ዜሮ ሲሆን መስመሩ የሚሰጠው አብዞርባንስ) በተባሉት ፋንክሽኖች ሳሰላ 0.0485 እና 0.011 አገኘሁ። ብረት የሌለበት መፍትሔ ብርሃን ሊመጥ ስለማይገባው መስመሩን በዜሮ እንዳሳልፍ ባልደረባዬ መክሮኛል፤ እኔ ግን ኢንተርሴፕቱን እንዲሁ መጣል ከበደኝ።

መላሽ 1፦
እነዚያ ሁለቱ ፋንክሽኖች ግምቱን ይሰጡዎታል እንጂ ግምቱ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ አይነግሩዎትም። ላይንኢስት (LINEST) የተባለውን የኤክሴል ፋንክሽን ይጠቀሙ። መጀመሪያ የአብዞርባንሱን፣ ቀጥሎ የኮንሰንትሬሽኑን (በሊትር ያለውን የብረት መጠን) ዓምድ ያስገቡ (ሁለቱን ቢያቀያይሯቸው ኤክሴል አያስጠነቅቅዎትም)፤ ኢንተርሴፕቱ እንዲሰላና ተጨማሪዎቹ ቁጥሮች እንዲወጡ ሦስተኛውንና አራተኛውን ቦታ ትሩ ብለው ይሙሉ። በቆዩት የኤክሴል እትሞች አምስት ረድፍና ሁለት ዓምድ አስቀድሞ መርጦ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢንተርን አብሮ መጫን ያስፈልጋል። በሁለተኛው ረድፍ የስሎፑንና የኢንተርሴፕቱን ስታንዳርድ ኤረር (ግምቱ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል የሚያሳይ ልኬት)፣ በአራተኛው ረድፍ በቀኝ በኩል ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙን (ከነጥቦቹ ብዛት ላይ የተገመቱት ቁጥሮች ብዛት ሲቀነስ የሚቀረውን) ያገኛሉ።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የኢንተርሴፕቱ ስታንዳርድ ኤረር 0.0083፣ ዲግሪ ኦፍ ፍሪደሙ 3 ሆነ። ሦስተኛውን ቦታ ፎልስ ብዬ በዜሮ ሳሳልፈው ደግሞ አር ስኩዌር (መስመሩ ከነጥቦቹ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳየው ቁጥር) ከ0.998 ወደ 0.9995 ከፍ አለ። ታዲያ ባልደረባዬ ልክ ነበር ማለት ነው?

መላሽ 2፦
በዚህ ቁጥር እንዳይታለሉ እለምንዎታለሁ። ፎልስ ሲሉት ኤክሴል አር ስኩዌርን የሚያሰላው ከአማካዩ ሳይሆን ከዜሮ ተነሥቶ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን አይነጻጸሩም። በአምስተኛው ረድፍ በቀኝ በኩል ያለውን የስሕተቶች ስኩዌር ድምር (ነጥቦቹ ከመስመሩ ያላቸው ልዩነት በስኩዌር ተደምሮ) ይመልከቱ፤ ከ0.00019 ወደ 0.0003 አድጓል፤ ማለትም አር ስኩዌር ከፍ ባለበት በዚያው ጊዜ መስመሩ ከነጥቦቹ ርቋል። ጉዳቱ የሚብሰው በዝቅተኛው ጫፍ ነው፦ 0.11 አብዞርባንስ በመጀመሪያው መስመር 2.04፣ በዜሮ በሚያልፈው ግን 2.2 ሚሊግራም በሊትር ይሆናል።

የኢንተርሴፕቱ የ95 በመቶ ወሰን (እውነተኛው ዋጋ ይገኝበታል ተብሎ የሚገመተው ክልል) ከ-0.016 እስከ 0.038 ስለሆነ ዜሮ በውስጡ አለ። ይህ ግን ኢንተርሴፕቱ ዜሮ መሆኑን አያረጋግጥም፤ አምስት ነጥብ ብቻ ይዞ ይህን ያህል አነስተኛ ልዩነት መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ኢንተርሴፕቱን ሳይጥሉ ያቆዩት፤ ባዶውን መፍትሔም ደጋግመው ለክተው እንደ ተጨማሪ ነጥቦች ያስገቡት።