የባሮክ ሙዚቃና የደቡብ አሜሪካ ባህላዊ ዜማ ሲገጥሙ፤ ክራር ቢገባበትስ?

ክራር ከፒያሳ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን ላርፔጃታ የሚባል ቡድን ይዞኛል። መሪዋ ክርስቲና ፕሉሃር ናት፣ ዋና ሥራቸው ባሮክ የሚባለው የ17ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሙዚቃ ነው፣ ግን በ2012 የደቡብ አሜሪካ ዜማዎችን ይዘው አልበም አወጡ። ቴዎርቦ የሚባለው ያ አንገተ ረጅም የባሮክ የክር መሣሪያ ከደቡብ አሜሪካ ሃርፕ ጋር ሲገጥም ምንም አይጎረብጥም። ለምን? አንዱ የቤተ መንግሥት ሙዚቃ፣ ሌላው የገበሬ! እኔ ክራር እጫወታለሁ፣ ጓደኛዬ ዋሽንት፣ አራት ኪሎ አካባቢ ቅዳሜ ቅዳሜ እንለማመዳለን። አሁን ባሮክ የሚወድ ቫዮሊኒስት ልቀላቀላችሁ ብሎናል። ከምን እንጀምር?

ሶልፌጅ
የማይጎረብጠው ዘመዳሞች ስለሆኑ ነው። ስፔኖች በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲገቡ የክር መሣሪያዎቻቸውን ይዘው ገቡ፣ የአገሬው ሰው ደግሞ ተቀብሎ የራሱ አደረጋቸው። ቻራንጎ የሚባለውን የአንዲስ ትንሽ ጊታር እየው። አሥር ክር አለው፣ ግን ሁለት ሁለት ሆነው የተወጠሩ አምስት ጥንድ ናቸው። የባሮክ ጊታርም አምስት ጥንድ ነው፣ ሁለቱንም ደግሞ እንደ ክራር ይገርፏቸዋል። አውሮፓ ውስጥ ያ ጊታር ቀረና ባለ ስድስት ነጠላ ክር ተተካ። ተራራው ላይ ግን ዘሩ አልጠፋም። እንደ ላርፔጃታ ያሉ ቡድኖች ተለያይቶ የኖረ ዘመድ ነው ያገናኙት።

ምቱም እንደዛው ነው። ስድስት ምትን አንዴ ሦስት ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሁለት አድርጎ መቁጠር የስፔን ባሮክ ጭፈራዎች ውስጥ አለ፣ ቻካሬራ በሚባለው የአርጀንቲና ጭፈራ ውስጥም አለ። በቺክቺካ ያደገ ጆሮ ይሄን ለመያዝ ብዙ አይቸገርም።

የተጻፈ ማስረጃም ሞልቷል። በ1631 ሊማ ላይ በታተመ መጽሐፍ ውስጥ በአገሬው ሰው በኬቹዋ ቋንቋ፣ ለአራት ድምፅ የተጻፈ የማርያም መዝሙር አለ። ከሁሉም ልቤን የሚነካኝ ግን ቺኪቶስ የሚባለው የቦሊቪያ አካባቢ ነው። እዚያ ሙዚቃ ያስተማሩት የካቶሊክ ሚስዮናውያን፣ ኢየሱሳውያን፣ በ1767 ሲባረሩ ኖታው አብሮ አልሄደም፣ የአገሬው ሰው እየጠበቀ፣ እየገለበጠና እየዘመረ አቆየው። ዛሬ ኮንሴፕሲዮን ከተማ ውስጥ ከ5,000 ገጽ በላይ ተቀምጧል። እስቲ አስበው፣ መምህራኑ ሄደው ሙዚቃው ቀረ!

የእምቢልታ ወዳጅ
እምቢልታን ማንም ሳያነሳ ሊያልፍ ነው እንዴ! አንዲስ ውስጥ ሲኩ የሚባል የቧንቧ ዋሽንት አለ። ድምፆቹ ለሁለት ተከፍለዋል፣ አንዱ ክፍል ኢራ፣ ሌላው አርካ ይባላል፣ የሚነፉትም ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ አንድ ድምፅ ነፍቶ ዝም ሲል ሌላው ይቀጥላል። ብቻህን ከነፋኸው ዜማው ጎዶሎ ነው። የኛም እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፣ አንድ ሰው አንድ ሁለት ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ዜማው የሚሞላው ነፊዎቹ ሲቀባበሉ ነው። ሁለቱ አገሮች ሳይተዋወቁ እዚህ መድረሳቸው ይገርመኛል። ቡድናችሁ ቢሰፋ ከዚህ ጀምሩ እላለሁ።

የስድስት ኪሎው
ልጆች፣ ሐሳባችሁ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ልበል። ኢየሱሳውያን እኛም ጋ መጥተው ነበር፣ ዐፄ ፋሲል በ1630ዎቹ አስወጧቸው። ስለዚህ የቺኪቶስን ዓይነት ታሪክ የለንም፣ እንዳለን አድርገን ማስመሰልም አያስፈልግም። የእኛ ጥንታዊ ሙዚቃ ሌላ ነው። ግእዝ፣ ዕዝልና አራራይ አለን፣ በቃሉ ላይ የሚጻፍ የዜማ ምልክት አለን። አውሮፓውያን እነ ቴዎርቦን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ከየሙዚየሙ እያዩ እንደገና መሥራት ነበረባቸው። የእኛ መሪጌቶች ግን ዛሬም ያስተምራሉ። ክራሩን ከቫዮሊን ጋር አጫውቱት፣ እኔም መጥቼ እሰማለሁ። በገናን ግን ለጌጥ አታስገቡት፣ የጸሎትና የጾም መሣሪያ ነው፣ መጀመሪያ ደርዳሪዎቹን ጠይቁ።

የእምቢልታ ወዳጅ
ጋሼ፣ በገናን ስለማክበር ልክ ነዎት። ቢሆንም ሰው በአክብሮት ከሠራው አብሮ መጫወቱ በራሱ ነውር አይመስለኝም። እነ ላርፔጃታም መዝሙርና ጭፈራ አንድ መድረክ ላይ ያመጣሉ።

ሶልፌጅ
ወደ ጥያቄው ልመለስ። በቻኮና ጀምሩ። የዘመኑ የስፔን ጸሐፊዎች ይህ ጭፈራ ከአሜሪካ እንደመጣ ይናገራሉ፣ ከዛ ነው አውሮፓን ያጥለቀለቀው። አጭር ባስ፣ ማለትም የታችኛው ወፍራም ድምፅ፣ ይደጋገማል፣ ከላይ ዜማ ትፈጥራለህ። በጣም ከተለመዱት ባሶች አንዱ በዶ፣ ሶል፣ ላ፣ ሶል ዙሪያ ነው የሚዞረው። አሁን ክራርህን በትዝታ ሜጀር ቃኝ፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። ባሱ ከነዚህ ክሮች ስለማይወጣ የሚጋጭህ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ባሱን የሚይዝ ቼሎ ብታገኙ ጥሩ ነው።

ቅኝቱን ግን ቀድማችሁ ተስማሙ። ባሮክ የሚጫወቱ ሰዎች ብዙ ጊዜ መቃኛዋን ድምፅ ላን 415 ኸርዝ ላይ ያደርጓታል፣ ከተለመደው 440 ግማሽ ድምፅ ዝቅ ይላል። ክራርና ቫዮሊን መውረድ ይችላሉ፣ ዋሽንት ግን አንዴ ከተቆረጠና ከተበሳ በቃ። ስለዚህ ወይ ለ415 የሚሆን ዋሽንት አሠሩ፣ ወይ ሁላችሁም 440 ላይ ቆዩ። እኔ ብሆን 440 ላይ እቆያለሁ።

ክራር ከፒያሳ
ቻኮናውን ለቫዮሊኒስቱ አሁኑኑ ልኬለታለሁ፣ 440 ላይ ነን። ቼሎ የሚጫወት የምታውቁ፣ ፒያሳ ወይ አራት ኪሎ መምጣት የሚችል ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።