ለሕክምና ትምህርት ቤቱ የሚላከው የጋራ ሐሳብ፦ ሁለተኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ እኛ አሜሪካ ያለን የኢትዮጵያውያን የጤና ባለሙያዎችና ተማሪዎች ማኅበር ለዲኑ የምንልከው ረቂቅ ይኸው። ሦስት ነጥብ ነው። አንደኛ፣ የአልፋ ኦሜጋ አልፋ (ጎበዝ የሕክምና ተማሪዎች በአባልነት የሚመረጡበት የክብር ማኅበር) መራጭ ኮሚቴ መመዘኛውንና የእያንዳንዱን ክብደት ተማሪዎች ሦስተኛ ዓመት ሳይገቡ በጽሑፍ ያሳውቅ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻ ሲታይ ስምና ፎቶግራፍ ይሸፈን። ሦስተኛ፣ ለአማርኛ፣ ለኦሮምኛና ለትግርኛ ተናጋሪ ሕሙማን ማስተርጎም በአገልግሎት ይቆጠር። እስከ ሐሙስ አስተያየት እጠብቃለሁ።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ ሦስተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ድንገተኛ ክፍል መጥተው «ሆዴን ባር ባር ይለኛል» ይላሉ። እዚህ ያደገው ልጃቸው «ሆዷን ያማታል» ብሎ ተረጎመ፤ የሆድ ምርመራም ታዘዘ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ለካ እህታቸው ጎንደር ላይ አርፈው አርባቸው ገና መውጣቱ ነው። እንቅልፍ የላቸውም፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም ትተዋል። ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። በዚያ ወር ግምገማዬ ላይ የሰፈረው ግን «ዝምተኛ ናት» የሚል ነው። ታላቅ ሐኪም ሲናገር አለማቋረጥን የተማርኩት ከቤቴ ነው። ያ ግምገማ ደግሞ ውጤት ሆኖ ለምርጫው ይቀርባል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ የእርሷ ብቻ አይደለም። የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጡትን አስታውሱ። ለሬዚደንሲ (ከምረቃ በኋላ ላለው የልዩ ሙያ ሥልጠና) ያመለከቱ 4,655 የአሜሪካ ተማሪዎችን መዝገብ አይተው፣ የፈተና ውጤትንና የምርምር ሥራን ከግምት ካስገቡ በኋላ እንኳ ነጭ ተማሪዎች አባል የመሆን ዕድላቸው ከጥቁሮቹ ወደ ስድስት እጥፍ ሆኖ አገኙት። የኒው ዮርኩ ማውንት ሳይናይ የሕክምና ትምህርት ቤት በ2018 ለዚህ ማዕረግ ተማሪ መምረጡን አቆመ፤ የሳን ፍራንሲስኮው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ2020 ተከተለ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የመጀመሪያው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና «አለፈ፣ ወደቀ» ብቻ ሆኗል፤ ስለዚህ የሬዚደንሲ መራጮች ዓይን እንዲህ ባለው ማዕረግ ላይ ይበልጥ ያርፋል። አንደኛው ነጥብ እንዳይነካ።

ቀዶ ሐኪም፦ ስም መሸፈኑን እደግፋለሁ። አዲስ አበባ ስንማር ውጤታችን በመታወቂያ ቁጥር ነበር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው። ነገር ግን ደብዳቤው ልመና አይምሰል። ልጆቻችን ይችላሉ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ መመዘኛ አሳዩን ማለት ልመና አይደለም።

ገንዘብ ያዥ፦ ይህ ደብዳቤ ያለ ማኅተም አይወጣም። አሁኑኑ እንስማማ።

የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት፦ እንግሊዝኛውን እኔ አስተካክዬ እስከ ዓርብ እልካለሁ።

ሰብሳቢ፦ ዲኑ ክብ ማኅተም አይፈልግም። አሜሪካ ነው ያለነው፣ ፊርማ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦ ማኅበር ነን ወይስ የቡና ጓደኛሞች? ማኅተም የሌለው ወረቀት የማንም ወረቀት ነው። ማኅተሙ የት እንዳለ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን።

ነርስ፦ ሦስተኛው ነጥብ ላይ ልናገር። ሆስፒታል ብቁ አስተርጓሚ እንዲያቀርብ ሕግ ያስገድደዋል። ተማሪዋ ያደረገችው መልካም ነው፤ ነገር ግን ያልተፈተነ አስተርጓሚ አሰማራን ብለን በጽሑፍ ከላክን ልጆቹን ነው የምናስጠይቀው። «ማስተርጎም» የሚለው «የቋንቋና የባህል ድጋፍ» ይባል።

ሰብሳቢ፦ የማኅተሙን ነገር ዛሬ አታንሱብኝ። ርክክብ ያልተደረገበትን ንብረት ከየት ላመጣው?

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ስሜ ባይጠራም ገብቶኛል። ማኅተሙ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቤቴ መሳቢያ ውስጥ አለ። አልደበቅሁትም። ለአዳራሹ ቀብድ 1,200 ዶላር ከኪሴ ከፍያለሁ። ሁለት ዓመት ሆነው። ደረሰኙን ሦስት ጊዜ ልኬያለሁ። ገንዘቤ ሲመጣ ማኅተሙ ይመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦ የማኅበር ንብረት መያዣ አይደረግም!

የቀድሞ ጸሐፊ፦ የሰው ገንዘብስ ይበላል?

ቀዶ ሐኪም፦ አዲስ ማኅተም እናስቀርጽ። ስንት ነው?

ገንዘብ ያዥ፦ በሁለት ማኅተም የሚሠራ ማኅበር አይቼ አላውቅም። ነገ አንዱ በአሮጌው ደብዳቤ ቢያወጣ ማን ይጠየቃል?

ነርስ፦ የጻፍኩትን ያነበበ አለ?

የተማሪ እናት፦ ልጄ ዘንድሮ ሦስተኛ ዓመት ናት። ይህን ማዕረግ ማግኘትና ማጣት በሬዚደንሲ ማመልከቻዋ ላይ እንደሚታይ የሰማሁት ከእናንተ ነው። ትምህርት ቤቱ አልነገራትም፣ እኔም ሐኪም አይደለሁም። እናንተ ሦስት ቀን ሙሉ ስለ ጎማ ማኅተም ትጨቃጨቃላችሁ። የምታውቁ እናንተ ናችሁ፣ ማን ይጠይቅልን?

የቀድሞ ጸሐፊ፦ እህቴ፣ ልክ ነዎት። ለገንዘብ ያዡም፣ ቃሌ ከብዷል፣ ይቅር ይበሉኝ። ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ለስብሰባው ስመጣ ማኅተሙንም ቲተሩንም ይዤ እመጣለሁ። የቀብዱ ነገር በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ ይያዛል። እኔም ተቆጥቼ ነው። ደረሰኙን እንደገና ላኩልኝ።

ሰብሳቢ፦ ሬዚደንቱ፣ እንግሊዝኛው የት ደረሰ?

የቀድሞ ጸሐፊ፦ ማኅተሙ ከመጣ ዘንዳ አንድ ሐሳብ አለኝ። ተማሪዎቻችን በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ የደም ግፊትና ስኳር ሲለኩ ይውላሉ፤ አንድም ወረቀት አይዙም። ሰዓታቸውን ቆጥረን የአገልግሎት ምስክር ወረቀት እንስጣቸው። ኮሚቴው ማስረጃ ሲያይ ይቆጥርላቸዋል።

ቀዶ ሐኪም፦ ይህ ነው ሥራ! ልመናም የለበትም። በእራት ግብዣችን ላይ በአደባባይ እንስጣቸው።

ገንዘብ ያዥ፦ ወፍራም ወረቀት፣ የወርቅ ቀለም ጠርዝ። አሳታሚ አውቃለሁ። ለሁሉም ከሆነ ግን ዋጋ ያጣል፤ ከ50 ሰዓት በላይ ላገለገለ ብቻ ይሁን።

ነርስ፦ ማታ ሥራ ላይ ያለ ልጅ 50 ሰዓት ከየት ያመጣል? 30 ይበቃል።

ሰብሳቢ፦ እንግዲህ ደብዳቤው «ማኅበራችን የሚሰጠውን ምስክር ወረቀት ኮሚቴው እንዲቀበል» በሚል ይከፈት። ስም መሸፈኑ ለጊዜው ይቆይ። በተማሪ ቅበላ ዘርን ከግምት ማስገባትን ከከለከለው ከ2023ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ትምህርት ቤቶች ዘር የሚነካ ነገር ሲያዩ ወደ ጠበቃ ነው የሚሮጡት፤ ደብዳቤው ቢሯቸው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ስም መሸፈን የማንንም ዘር አይጠቅስም፤ እንዲያውም የሚሸፍነው ያንን ነው። አንደኛውስ የት ሄደ? ወረቀቱ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ነገር ግን «ዝምተኛ ናት» የሚለውን ግምገማ ምስክር ወረቀት አይሽረውም። አልፋ ኦሜጋ አልፋ በ1902 ሲመሠረት የያዘው መሪ ቃል ሕሙማንን ለማገልገል የተገባህ ሁን የሚል ነው። ይህ የተገባ መሆን በምን እንደሚለካ ይንገሩን ነው ያልነው።

ሰብሳቢ፦ ሁለተኛው ገጽ ላይ በአንድ አንቀጽ ይገባል።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ ማን ይጽፈዋል?

ሰብሳቢ፦ ሬዚደንቱ ቃል ገብቶ ነበር። ስልክም አያነሳም።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፦ አንቀጿን እኔ ዛሬ ማታ እጽፋለሁ። ከወጣች ግን ስሜን ከፈራሚዎቹ አውጡ።

ነርስ፦ «የቋንቋና የባህል ድጋፍ» የሚለውም አብሮ ይግባ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው።

የአራተኛ ዓመት ተማሪ፦ የእኔ ማመልከቻ መስከረም ላይ ይገባል፤ ለእኔ አይደርስም፣ ይሁን። የሰዓቱን ሰንጠረዥ እኔ እሠራለሁ። የጥምቀት ዕለት ሜዳው ላይ በሁለት ጠረጴዛ ስንለካ ነበር፤ የግራው ጠረጴዛ መዝገብ እኔ ጋ አለ። የቀኙን የያዘው ማን ነው? ስድስት ተማሪ ነበርን፣ የሁለቱ ስም እዚያ ላይ ነው ያለው።