የጋራ ፔፕታይድ ግዥ ዕቅድ፦ ሁለተኛው ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ አራቱ ቤተ ሙከራዎች አዋጥተው በሕዋስ ውስጥ ምልክት የሚያስተላልፈውን የማይዲ88 ፕሮቲን ሥራ የሚያግድ ሰው ሠራሽ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ያስመጣሉ። ዓላማው በጉባኤ የተወሰነው ነው፤ በማክሮፋጁ (ባክቴሪያ በሚውጠው የመከላከያ ሕዋስ) ላይ ያለውን ቲኤልአር4 የተባለ ተቀባይ ፕሮቲን ሊፖፖሊሳካራይድ (የባክቴሪያ ሽፋን አካል) ሲነካው ከሕዋሱ ምላሽ የትኛው በማይዲ88 በኩል፣ የትኛው በሌላው አስተላላፊ ፕሮቲን በትሪፍ በኩል እንደሚመጣ መለየት። አስተያየት እስከ ዓርብ።

ገንዘብ ያዥ፦ ፕሮፎርማው በዶላር ነው። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር የተያዘ በጀት ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። መዋጮውን ያላስገባ ከረቂቁ ይወጣል።

የልደታ አባል፦ ማነጻጸሪያው ፔፕታይድ የለም! ማገጃው ወደ ሕዋሱ የሚገባው በፔኔትራቲን ተሸክሞ ነው፤ ይህም ከፍራፍሬ ዝንብ ፕሮቲን የተወሰደ ባለ 16 አሚኖ አሲድ ቁራጭ ነው። ፔኔትራቲኑን ለብቻው ካልሞከርን ሳይቶካይኑን (ሕዋሱ የሚያመነጨውን መልእክተኛ ፕሮቲን) የቀነሰው ማገጃው ይሁን ተሸካሚው በምን እንለያለን? ሁለቱም ይገዙ። ከኢንዶቶክሲን የጸዱ መሆናቸውም በጽሑፍ ይረጋገጥልን። ኢንዶቶክሲን ማለት ያው ሊፖፖሊሳካራይድ ነው፤ ልናግደው የፈለግነውን ምልክት ራሱ ይቀሰቅሳል።

የፒያሳ አባል፦ ፍሪዘሩ ሜክሲኮ ይቀመጥ የሚለውን አንቀጽ አልቀበልም። ቁልፉ በአንድ ሰው ኪስ ሲውል የሚሆነውን አይተናል።

የሜክሲኮ አባል፦ ማንን ነው? በግልጽ ተናገር።

የፒያሳ አባል፦ ቁልፍ ያዡ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ተማሪዎቼ በር ላይ ቆመው ዋሉ። ይህን ያልሰማ አባል የለም።

የሜክሲኮ አባል፦ አንተ ጋ መብራት ሄዶ የሁላችን አንቲቦዲ ሲቀልጥስ? ያን ጊዜ ማን ተጠየቀ?

የካዛንቺስ አባል፦ ቁልፉ ሁለት ይሁን። የጉምሩኩን ጉዳይ እኔ እይዛለሁ።

የፒያሳ አባል፦ ሁለቱም ቁልፎች ሜክሲኮ ከሆኑ ሁለትነታቸው ለማን ነው?

የልደታ አባል፦ ቁልፍ አያስፈልግም። አቅራቢው ደረቁን ፔፕታይድ በትንንሽ ብልቃጥ ከፋፍሎ ይላክ፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ወስዶ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ያስቀምጥ። ደጋግሞ ከፍሪዘር ማውጣትና መመለስ ስለሚያበላሸው እንዲያውም የሚሻለው ይኸው ነው።

የሜክሲኮ አባል፦ ቁልፌን የምሰጠው ደረሰኝ ለሚፈርም ነው።

የፒያሳ አባል፦ ሌባ ነን?

ሰብሳቢ፦ ይብቃ። ሁለታችሁም የማኅበሩ መሥራቾች ናችሁ። አንዱ ቁልፍ ፒያሳ ይሁን።

የፒያሳ አባል፦ እሺ፣ እፈርማለሁ። ፍሪዘሩ ግን ያለ ጄነሬተር አይሆንም፤ እኔን የጎዳኝ መብራቱ ነው።

የሜክሲኮ አባል፦ በዚህ እስማማለሁ። ያለን ጄነሬተር ከተበላሸ ቆይቷል።

ገንዘብ ያዥ፦ ጄነሬተር ከገባ ገንዘቡ ለአንድ ብልቃጥ ማገጃ ብቻ ይተርፋል። ማነጻጸሪያው ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፍ። የካዛንቺስ አባል ስለ ጉምሩኩ ምን ደረስክ?

ገንዘብ ያዥ፦ ስልክም አያነሣም። ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ ቤተ ሙከራቸው የት እንደገባ የሚያውቅ አለ?

የልደታ አባል፦ ያለ ማነጻጸሪያ የሚወጣ ውጤት ላይ ስሜ አይግባ። ያዋጣሁት ለፔፕታይድ ነው፤ መዋጮዬ ይመለስልኝ።

ገንዘብ ያዥ፦ የገባ መዋጮ አይመለስም። ደንቡን እርስዎም ፈርመዋል።

የልደታ አባል፦ የፈረምኩት ለምርምር ነው።

ሰብሳቢ፦ ዶክተር፣ ጥያቄዎ በቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሦስተኛው ረቂቅ «የጋራ ማቀዝቀዣና ጄነሬተር» በሚል ርእስ ሰኞ ይወጣል። የጄነሬተር ዋጋ የሚያጠናና ጉምሩኩን የሚረከብ ሁለት ሰው እፈልጋለሁ።

የፒያሳ አባል፦ ጄነሬተሩስ የት ነው የሚተከለው?