የአዘጋጁ ሥልጣን እስከ የት ድረስ ነው? የአንድ መብራት ባለሙያ ጥያቄ

ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የቴአትር ቡድን በመብራት ባለሙያነት እሠራለሁ። አሁን የምንለማመደው ተውኔት በጣና ዓሣ አስጋሪዎች ሕይወት ላይ ያተኮረ ሲሆን፣ ከአዘጋጃችን ጋር በተፈጠረው አለመግባባት የሙያ አጋሮቼን ምክር እሻለሁ።

ጎሕ ሲቀድ የሚታይበት ትዕይንት በቀዝቃዛ ሰማያዊ ብርሃን እንዲጀምር ሐሳብ ባቀርብም፣ እርሳቸው ቢጫውን መረጡ፤ ባይዋጥልኝም ውሳኔው የአዘጋጁ ነውና ተቀብዬ ሠራሁት። የከበደኝ ሌላው ነው። መድረኩ ላይ እውነተኛ የደንገል ታንኳ አለ፤ አዘጋጁም እያንዳንዳቸው 1000 ዋት የሆኑ አምስት የሃሎጅን መብራቶች ታንኳው አጠገብ ተተክለው በአንድ መስመር እንዲበሩ ይፈልጋሉ። በ220 ቮልት አንዱ መብራት 4.5 አምፔር ያህል ስለሚስብ፣ ባለ 16 አምፔሩ መስመር ከሦስት በላይ አይችልም፤ የደረቀ ደንገልም እንዲህ ካለው ሙቀት አጠገብ ሲውል ምን እንደሚሆን ምድጃ ያነደደ ሁሉ ያውቃል። ይህን ሳስረዳቸው፣ «የጥበቡን ነገር ለእኔ ተወው፤ አንተ አብራ ስልህ አብራ» አሉኝ፤ ተዋንያኑም ሳቁ።

ጋሼ የምላቸው፣ ብዙ ያስተማሩኝ ሰው ስለሆኑ በሰው ፊት ልሟገታቸው አልፈልግም። የመድረክ አስተባባሪውም የእርሳቸው ተማሪ ነውና ዝምታን መርጧል። እንዲህ ያለውን የደኅንነት ጉዳይ በጽሑፍ ማሳወቅ በእናንተ ዘንድ የተለመደ ነው? የሚቀርበውስ ለአዘጋጁ ነው ወይስ ለአዳራሹ አስተዳደር? መብራቶቹን አርቆና ቁጥራቸውን ቀንሶ እርሳቸው የሚፈልጉትን ደማቅ የፀሐይ ብርሃን ማምጣት የሚቻልበትን መንገድ የሚያውቅ ካለም፣ ነገሩ ያለ ክርክር ሊፈታልኝ ይችላልና እባካችሁ ጻፉልኝ።