ቤቱ ሲሸጥ ተከራዩ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያዬን የሚከራይ ቤት ልገዛ እየተዘጋጀሁ ነው። ያየሁት ቤት ጠንካራ ነው፤ ዋጋውም በዙሪያው ካሉት ዝቅ ይላል። ዝቅ ያለበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ተከራይ አለበት። ውስጡ ያለው ቤተሰብ ከገባ ቆይቷል። የውላቸው ጊዜ ገና አላለቀም። የሚከፍሉት ኪራይ ደግሞ አሁን ካለው ገበያ በጣም ያንሳል። ሻጩ «ግዛና አስወጣቸው፤ ከዚያ በፈለግከው ዋጋ ታከራየዋለህ» እያለኝ ነው። የምጠይቃችሁ ስለ እኔ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕጉ ራሱ ምን መሆን አለበት? ቤት ሲሸጥ የተከራዩ ውል ወደ ገዢው ይለፍ ወይስ ገዢው ባዶ ቤት የመረከብ መብት ይኑረው? እስኪ ተከራከሩበት።

አከራዩ፦
ቤት ሳከራይ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ የማምንበትን ሳልደብቅ ልናገር። ውል የሚያስረው የፈረመውን ሰው ነው። ገዢው አልፈረመም። ብድሩን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ጣሪያው ሲያፈስ የሚጠራው እሱ ነው፣ ግብሩንም የሚከፍለው እሱ ነው። ታዲያ ሌላ ሰው ከዓመታት በፊት በተስማማበት ኪራይ ለምን ይታሰራል? ደግሞ አከራይ ሲባል ሁልጊዜ ባለ ፎቅ አድርጋችሁ አታስቡ። አንዲት ጡረተኛ በዚህ ዓለም ያላት ሀብት አንድ ቤት ብቻ ሊሆን ይችላል። ታማ ለመታከሚያ ልትሸጠው ስትል ተከራይ ስላለበት ብቻ ዋጋው ከወረደባት የጠበቅነው ማንን ነው? ተከራዩ በቂ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፤ በዚህ አልከራከርም። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ የገዢው ነው።

ተከራይዋ፦
ወንድሜ፣ ስለ ጡረተኛዋ ያልከው ይገባኛል። ግን የምኖርበት ቤት ተሸጦብኝ ስለሚያውቅ የሌላውን ወገን ልንገርህ። ገዢው ሰዎች አስከትሎ እየመጣ ግድግዳ ይለካ ነበር። ልጄ የቤት ሥራዋን እየሠራች «ይቺን ጠረጴዛ ዞር አድርጓት» ብሎ ሜትሩን ከጀርባዋ ዘረጋ። መቼ እንደገባን፣ ምን እንደምንከፍል፣ ውላችን መቼ እንደሚያልቅ አንድም ነገር አልጠየቀንም። ቤት መልቀቅ ዕቃ መጫን ብቻ እንዳይመስልህ። የልጅ ትምህርት ቤት ይቀየራል፣ የሥራ መንገድ ይረዝማል፣ አዲስ ቤት ለመግባት የብዙ ወር ኪራይ በአንዴ ይጠየቃል። እኔ ኪራይ አሳልፌ አላውቅም። ቤቱንም እንደ ራሴ ይዤው ነበር። ውሉን ያከበረ ሰው ሌሎች ሁለት ሰዎች ስለተገበያዩ ብቻ ለምን ይፈናቀላል?

የሕግ ባለሙያዋ፦
ሁለታችሁም የያዛችሁት አቋም ረጅም ታሪክ አለው። በጥንቱ የሮማ ሕግ አከራዩ ያለው ያሸንፍ ነበር። ቤቱ ከተሸጠ ገዢው ተከራዩን ማስወጣት ይችላል፤ ለተከራዩ የሚቀርለት የቀድሞውን አከራይ ካሳ መጠየቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ተቃራኒውን መረጠ። በዚያ አገር ሽያጭ ኪራይን አያፈርስም። ገዢው በቀድሞው አከራይ እግር ይተካል፤ መብቱንም ግዴታውንም ይወርሳል። ቤት ልትገዛ ለተነሳኸው ወንድሜ አንዲት ነገር ላስምርልህ። በዚያ ሕግ መሠረት ሻጩ የተከራዩን መያዣ ገንዘብ ባያስረክብህ እንኳ ተከራዩ ሲወጣ ገንዘቡን ከአንተ መጠየቅ ይችላል።

ይህ ማለት ግን ባለቤቱ ለዘላለም ይታሰራል ማለት አይደለም። ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ መኖሪያ ከፈለገው ምክንያቱን ጽፎ ማስለቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያው 3 ወር ነው። ተከራዩ 5 ዓመት ካለፈው 6 ወር፣ 8 ዓመት ካለፈው ደግሞ 9 ወር ይሆናል። የማይፈቀደው ኪራይ ለመጨመር ብሎ ማስወጣት ነው። ሻጩ ለአንተ የሚመክርህ ያንኑ ነው።

እንግሊዝ ለረጅም ጊዜ ወደ አከራዩ ያደላች ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣው የቤቶች ሕግ አንቀጽ 21 የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ያለ ምንም ምክንያት በ2 ወር ማስጠንቀቂያ ማስወጣት ይፈቅድ ነበር። ስኮትላንድ ከታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚፈረሙ አዲስ ውሎች ይህን አሠራር ትታዋለች። እንግሊዝም በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ አንቀጽ 21ን እንዲቀር አድርጋለች። አዲሱ ሕግ መሸጥን አይከለክልም። ባለቤቱ በእውነት ሊሸጥ ከሆነ የ4 ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ተከራዩ በገባ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ግን በዚህ ምክንያት ሊያስወጣው አይችልም። «ልሸጥ ነው» ብሎ ካስወጣ በኋላም ለ12 ወር መልሶ ማከራየት ተከልክሏል። ይህ ክልከላ የገባው በሽያጭ ስም አስወጥተው በሳምንቱ ኪራዩን ጨምረው የሚያከራዩ ሰዎች ስላሉ ነው።

አከራዩ፦
እህቴ፣ ስላስረዳሽን አመሰግናለሁ። ግን የታሪኩን ሌላ ገጽም ንገሪያቸው። የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1994 የኪራይ ቁጥጥሩን፣ ማለትም የኪራይ ጭማሪን የሚገድበውን ሕግ፣ ከ1980 በፊት ወደተሠሩ ትናንሽ ሕንፃዎች አሰፋች። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ያንን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2019 ባሳተሙት ጥናት መሠረት ቁጥጥሩ የነካቸው አከራዮች ለኪራይ የሚያቀርቡትን ቤት በ15 በመቶ ቀነሱ። ቤቶቹን አድሰው ሸጧቸው፣ ወይም አፍርሰው አዲስ ሠሩባቸው። በዚህም የተነሳ የከተማው ኪራይ በአጠቃላይ ወደ 5 በመቶ ገደማ ጨመረ። ውስጥ ያለው ተከራይ ተጠቀመ፤ ውጪ ቆሞ ቤት የሚፈልገው ከፈለ። ባለቤቱን ባሰራችሁት ቁጥር ማከራየት የሚፈልግ ሰው ይቀንሳል። ይህንን አይቼዋለሁ። የማውቃቸው ሰዎች ቤታቸውን ዘግተው ተቀምጠዋል።

ተከራይዋ፦
ጥናቱ የተናገረውን ሁሉ ንገረና። እዚያው ጥናት ላይ የተጠበቁት ተከራዮች በአድራሻቸው የመቆየት ዕድላቸው ከሌሎቹ እንደጨመረ ተጽፏል። ለእኔ ይህ ተራ ነገር አይደለም። በተለይ አዛውንቶችና በአንድ ሰፈር ለረጅም ዓመት የኖሩ ሰዎች ናቸው የተጠቀሙት። ደግሞም አሁን የምንከራከረው ኪራዩ ስንት ይሁን ብለን አይደለም። ውል እስኪያልቅ ይከበር ነው ያልኩት።

የሒሳብ ባለሙያው፦
ልዩነቷን በደንብ አስቀምጠሻታል። የኪራይ ጣሪያ አንድ ነገር ነው፣ ውል ከቤቱ ጋር ወደ ገዢው መተላለፉ ሌላ ነገር ነው። ሳን ፍራንሲስኮ የሚያስተምረን ስለ መጀመሪያው ነው።

አሁን ወደ ገዢው ልመለስ፤ ዋናው ነጥብ እስካሁን አልተነሳምና። ወንድሜ፣ ራስህ በመጀመሪያው መስመርህ ተናግረኸዋል። ቤቱ የረከሰው ተከራይ ስላለበት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛው ኪራይ በዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ ተቀንሶልሃል። ካሳህን አስቀድመህ ወስደሃል ማለት ነው። ቅናሹን ወስደህ ስታበቃ ተከራዩንም ካስወጣህ አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ተከፈለህ። ሁለተኛውን የሚከፍልህ ያ ቤተሰብ ነው። ባዶ ቤት የሚፈልግ ሰው የባዶ ቤት ዋጋ ይክፈል። ለዚህ ነው ውሉ ወደ ገዢው ይለፍ የምለው። ገዢውን አይጎዳውም፤ ምን እየገዛ እንደሆነ አውቆ ይገዛል። የሚጎዳ ካለ ሻጩ ነው፤ እሱ ግን ውሉን የፈረመው ራሱ ነው።

«አስወጣና ጨምር» የሚለው ምክር በሒሳብም ብዙ ጊዜ አያዋጣም። ተከራዩ በወር 100 ይከፍልሃል እንበል። አስወጥተህ በ110 ልታከራየው አሰብክ። ቤቱ ለ2 ወር ባዶ ቢቆይ 200 ሄደ። ቀለሙ፣ ጥገናውና የደላላው ኮሚሽን ቢያንስ ሌላ 100 ነው። ድምሩ 300። የጨመርከው ግን በወር 10 ነው። ያወጣኸውን ለመመለስ ብቻ 30 ወር ያስፈልግሃል። በዚያ ላይ አዲሱ ተከራይ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አታውቅም። በየወሩ ሳይጠየቅ የሚከፍል ሰው እጅህ ላይ እያለ ለምን ትለቀዋለህ?

አከራዩ፦
ልዩነቱ 10 ብቻ ሲሆን ትክክል ነህ። እሱ ግን «በጣም ያንሳል» ነው ያለው። ተከራዩ 60 እየከፈለ ገበያው 100 ቢሆንስ?

የሒሳብ ባለሙያው፦
እውነት ነው፣ ያኔ ሒሳቡ ይገለበጣል። 2 ወር ባዶ ሲቆይ የሚያጣው 120 ነው። ወጪው 100 ሲጨመር 220። በየወሩ 40 ስለሚያተርፍ ግማሽ ዓመት ሳይሞላ ይመልሰዋል። ሰዎችን የሚፈትናቸውም እንዲህ ያለው ቤት ነው፤ ሕግ የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ሲሆን ገዢው በራሱ ፈቃድ ተከራዩን ያቆያል። ልዩነቱ ሲሰፋ ግን በሰው ደግነት ላይ ብቻ መተማመን አይቻልም። ውሉ የቀረው ጊዜ አጭር ከሆነ ደግሞ ይጠብቅ። ሲያልቅ ቁጭ ብሎ ስለ አዲስ ኪራይ ይነጋገር፤ ቀስ በቀስ የሚጨምር ስምምነት ብዙዎች ይቀበላሉ።

አከራዩ፦
እሺ፣ አንድ ነገር ልቀበል። ስለ ዋጋ ቅናሹ ያልከው መልስ የለኝም፤ ገዢው አውቆ ከገዛ ውሉን ይጨርስ። ግን እናንተም የኔን ተቀበሉ። ኪራይ የማይከፍል ተከራይ ሲያጋጥም ፍርድ ቤት የሚወስደው ጊዜ ሰውን ይሰብራል። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ። ብድሩ ግን ቀጠሮ አያውቅም፣ ባንኩ በየወሩ ይቆርጣል። ተከራይን አጥብቆ የሚጠብቅ ሕግ የማይከፍለውንም አብሮ ይጠብቀዋል። ይህ ካልተስተካከለ ውሉ ይለፍ የምትሉትን አልደግፍም።

ተከራይዋ፦
በዚህስ ከአንተ ጋር ነኝ። የማይከፍል ሰው የሚጎዳው አንተን ብቻ አይደለም። በእሱ ምክንያት ነው እኛ የምንከፍለው ሰዎች ዋስ አምጡ፣ የብዙ ወር በቅድሚያ ክፈሉ የምንባለው። ፈጣን ችሎት ይኑር። ግን ጣሪያው እያፈሰ አልጠግንም ያለው አከራይም በዚያው ችሎት በፍጥነት ይታይ።

አከራዩ፦
ተስማምቻለሁ። ቤቷን ለመታከሚያ የምትሸጠው ሴት ጉዳይ ግን አሁንም ይቀራችኋል። ለጡረተኛዋ መልስ አልሰጣችሁኝም።

የሕግ ባለሙያዋ፦
እውነት ነው፣ ለእሷ ከባድ ነው። ከሁሉም የሚሻለው የእንግሊዙ መንገድ ይመስለኛል፤ በእውነት የሚሸጥ ሰው ረዘም ባለ ማስጠንቀቂያ ያስለቅቅ፣ ነገር ግን መልሶ እንዳያከራይ ይታገድ። ሌላው መንገድ ስምምነት ነው። ለተከራዩ የማጓጓዣና የመጀመሪያ ወራት ኪራይ የሚሸፍን ገንዘብ ሰጥቶ በፈቃዱ እንዲለቅ መነጋገር ይቻላል። አሜሪካ ውስጥ የተለመደ ነው። በጽሑፍ ይሁን፣ የሚለቅበት ቀን ይቆረጥ፣ ገንዘቡም ቁልፍ ሲረከቡ ይከፈል። ቁልፍ መቀየር፣ ውኃና መብራት መቁረጥ፣ በር መንቀል ግን በብዙ አገር ሕገወጥ ነው፤ ተከራዩ ውዝፍ ቢኖርበት እንኳ ጥፋተኛው አንተ ትሆናለህ።

ለገዢው አንድ የመጨረሻ ምክር። ሻጩ የሚነግርህን ብቻ ሰምተህ አትፈርም። ከተከራዩ የተፈረመ ማረጋገጫ ጠይቅ። ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደተከፈለ፣ መያዣው ስንትና በማን እጅ እንዳለ፣ ውሉ መቼ እንደሚያልቅ፣ ያልተሟላ ጥገና ካለ፣ ከሻጩ ጋር በቃል የተስማሙበት ነገር ካለ ይጻፍበት። በጣም ብዙ ጣጣ የሚመጣው ከዚህ ከመጨረሻው ነው። «ባለቤቱ ማድ ቤቱን ካሳደስክ የአንድ ዓመት ኪራይ አልጨምርብህም ብሎኛል» የሚል ተከራይ ከገዛህ በኋላ ቢመጣ ምን ትላለህ? ከዚያ የሻጩን የባንክ ስቴትመንት አይተህ ኪራዩ በእርግጥ በየወሩ መግባቱን አመሳክር። መያዣውን ደግሞ ከመሸጫው ዋጋ ላይ አስቀንሰህ ያዝ።

ጥያቄውን ያነሳው፦
ስለ ዋጋው የተነገረኝ አሳምኖኛል። ቅናሹን ፈልጌ ነው ወደዚህ ቤት የመጣሁት፤ ስለዚህ ውሉንም ይዤው እገባለሁ። ግን ከአከራዩ ወንድሜ ጋር በአንድ ነገር እስማማለሁ። የማይከፍል ሰው ቢገጥመኝ ብድሩን ለብዙ ወር ከኪሴ መክፈል አልችልም። ስለዚህ መጠባበቂያ ገንዘብ ሳልይዝ አልገዛም።

ከሻጩ ጋር ልንገናኝ ነው። ከቀብድ በፊት ተከራዮቹን ራሴ አነጋግሬ ማረጋገጫውን እንዲፈርሙልኝ እጠይቃለሁ። ሻጩ እንዳላገኛቸው ከከለከለኝ አልገዛም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ቀርቷል፦ ለተከራዮቹ ውሉ ሲያልቅ ስለሚኖረው ጭማሪ ከአሁኑ ብነግራቸው ይሻላል ወይስ ገዝቼ ከተረከብኩ በኋላ?

ተከራይዋ፦
ከአሁኑ ንገራቸው። ስንት እንዳሰብክም ቁጥሩን ንገራቸው።